ዶክትሬት ይዞ ሕክምና መማር፦ ኒያው፣ ጊዜውና ዋጋው

(በራዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ከአንድ ቤተሰብ ብቻ የመጣ አይደለም። በተለይ በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን በተደጋጋሚ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «ልጃችን በባዮሜዲካል ምርምር ፒኤችዲዋን ጨርሳለች። ዕድሜዋ ሠላሳ እየሞላ ነው። ሥራ ትይዛለች፣ ትዳር ትመሠርታለች ብለን ስንጠብቅ እንደገና ገብታ ሕክምና ልትማር መሆኑን ነገረችን። ይህ ዒልምን መውደድ ነው ወይስ ዕድሜን ማባከን? እናበርታት ወይስ እንድትተወው እንምከራት?» ሚስትና ልጆች ስላሉት ወንድም የጻፉልን ቤተሰቦችም አሉ።

ለሁሉም የሚሆን አንድ «አዎን» ወይም «አይሆንም» የለንም። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ተቀምጦ ሲመካከር ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እነርሱን በቅደም ተከተል እናቅርብ።

«ዶክተር» የሚለው ቃል

በመጀመሪያ አንድ ግርታ እናጥራ። በእኛ ቋንቋ ሐኪሙንም ፒኤችዲ ያለውንም «ዶክተር» ብለን እንጠራለን። ስለዚህ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ዶክተር ሆነች ተብሎ ሲነገራቸው፣ ከጎረቤት የታመመ ሰው ሲመጣ «እስቲ እይው» ይሏታል። እርሷ ግን የተማረችው ሕመምተኛ ማከምን አይደለም። የተማረችው አንድ ሕዋስ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አንድ ተሕዋስ መድኃኒትን እንዴት እንደሚቋቋም፣ ወይም አንድ ዘረመል ሲበላሽ በሰውነት ላይ ምን እንደሚያስከትል መመርመርን ነው።

የሁለቱ ሙያ ልዩነት በሕግም የታወቀ ነው። የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ያለው ሰው ላቦራቶሪ ይመራል፣ አዲስ ነገር ያገኛል፣ ተማሪ ያስተምራል። መድኃኒት ማዘዝ ግን አይችልም። በሰዎች ላይ የሚሞከር አዲስ መድኃኒት ሲኖርም ሕመምተኛውን የሚመለከተው የሕክምና ውሳኔ ብቃት ባለው ሐኪም ኃላፊነት ሥር መሆን አለበት። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ሐዲስ በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢይና በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። ስለዚህ በመስጂድ በር ላይ ፒኤችዲ ያለውን ወንድማችንን «ምን መድኃኒት ልውሰድ?» እያልን ማስጨነቅ አይገባንም። እርሱም ከሙያው ውጭ ያለውን «ይህን ሐኪም ጠይቁ» ቢል ያላወቀ ሳይሆን አማናውን የጠበቀ ነው።

ሁለቱም ፈርዱ ኪፋያ ነው

እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርዱ ኪፋያ ዒልሞች መድበውታል። በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም መጥፋቱንም ነቅፈዋል። ፈርዱ ኪፋያ ማለት ከማኅበረሰቡ በቂ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ላይ ኃላፊነቱ የሚነሳ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፈርዱ ኪፋያው ሕመምተኛ አልጋ ዘንድ በሚቆመው ሐኪም ብቻ የሚሞላ አይደለም። መድኃኒቱ ከየት መጣ? ክትባቱን ማን ሠራው? አላህ (ሱ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ያንን መድኃኒት ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል።

ከአገራችን ምሳሌ እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ የሕክምና ባለሙያ አልነበሩም፤ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክትሬት ያገኙ ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ተሕዋስ የሚራባው በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት እንዶድ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ሁሉ አገልግሎት ያለ ሐኪምነት ዲግሪ የተሠራ ነው።

ከቅርቡም ብንወስድ፣ ለኮቪድ ክትባቶች መንገድ የከፈተውን ምርምር ያካሄዱት ካታሊን ካሪኮ የባዮኬሚስትሪ ፒኤችዲ ያላቸው ሲሆኑ አጋራቸው ድሩው ዋይስማን ሐኪም ናቸው። ዋናውን ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመው በ2023 የኖቤል ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። ተመራማሪዋ ሐኪም መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ያስፈለጋቸው አብሯቸው የሚሠራ ሐኪም ነበር።

እንግዲያው ልጃችሁ ሐኪም ካልሆነች ዒልሟ ጎዶሎ ነው የሚለውን ሐሳብ ከቤታችሁ አውጡት። ውሳኔው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዲግሪ ለምን ይጠቅማል?

ይህን ስንል ሁለተኛው መንገድ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ፒኤችዲ ይዘው ሕክምና ተምረው ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ።

ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ እ.ኤ.አ. በ1914 ካናዳ ውስጥ ተወለዱ። በ1938 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፋርማኮሎጂ፣ ማለትም በመድኃኒት ሳይንስ ፒኤችዲ ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወባ መድኃኒት በጥንቸሎች ላይ ሲመራመሩ፣ የእናቲቱ ሰውነት የሚሰባብረውን መድኃኒት ጽንሱ መሰባበር እንደማይችል ተገነዘቡ። ከዚያ በኋላ ሕክምና ተምረው በ1950 ሐኪም ሆኑ። ባለትዳርና የሁለት ሴት ልጆች እናት ነበሩ። በ1960 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲቀጠሩ ገና ከመግባታቸው ታሊዶሚድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲያጸድቁ ማመልከቻ ቀረበላቸው። መድኃኒቱ በብዙ አገሮች ይሸጥ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። እርሳቸው ማስረጃው አይበቃም አሉ። በነርቭ ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል የሚጠቁም አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ካነበቡ በኋላ ደግሞ በጽንስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁ። ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውትም አልፈረሙም። በ1961 መጨረሻ መድኃኒቱ እጅና እግራቸው ያልተሟላ ልጆች እንዲወለዱ ማድረጉ ታወቀ። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተጎዱ ሲሆን በአሜሪካ ግን መድኃኒቱ ለገበያ ሳይፈቀድ ቀረ። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለሟቸው፤ በዚያው ዓመት አዲስ መድኃኒት ሥራውን በትክክል እንደሚሠራ ማስረጃ እንዲቀርብበት የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

ቁርኣን አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ የሰውን ልጆች ሁሉ ሕያው እንዳደረገ መሆኑን በሱረቱል ማኢዳ (5፡32) ያስተምረናል። አንድ ፊርማ በመከልከል ብቻ ስንት ቤት ከሐዘን እንደዳነ አስቡት።

ሌላው ዶክተር ፍራንሲስ ኮሊንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ፒኤችዲ፣ በ1977 ደግሞ ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪ አገኙ። በኋላ የሰው ልጅ ዘረመልን ሙሉ ካርታ ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት መርተው በ2003 አስፈጸሙ። በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። ቱርካዊው ፕሮፌሰር አዚዝ ሳንጃር በ1969 ከኢስታንቡል በሕክምና ተመርቀው በትውልድ አካባቢያቸው የገጠር ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደው በ1977 ፒኤችዲ አገኙ። የተጎዳ ዘረመል በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚጠገን ባጠኑት ጥናት በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከታሪካችንም እ.ኤ.አ. በ1288 ካይሮ ውስጥ ያረፉት ኢብኑ ነፊስ ሐኪምም፣ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህም ነበሩ። ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ግራው ክፍል እንደሚመለስ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ሁለት ዒልም አንድ ደረት ውስጥ መግባቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሁለተኛው ዒልም የመጀመሪያውን አልሰረዘውም። ኬልሲ በጥንቸሎቹ ላይ ያዩትን የጽንስ ነገር ሐኪም ሆነውም አልረሱትም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቁ ያደረጋቸው እርሱ ነው።

ኒያን መመርመር

ሥራዎች በኒያ እንደሚመዘኑ ሁላችንም እናውቃለን። በቂያማ ቀን ሰው ከሚጠየቅባቸው መካከል ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈና በዒልሙ ምን እንደሠራበት እንደሚገኙም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ፒኤችዲ ያለው ሰው ሁለተኛ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስለ መጀመሪያው ዒልሙ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ራሱን ይጠይቅ። ወደ ሕክምና የሚወስደኝ ምንድን ነው? የምርምር ገንዘብ ማግኘት አስቸግሮኝ ከላቦራቶሪ እየሸሸሁ ነው? ዘመድ «እውነተኛ ዶክተር አይደለም» ስላለኝ ነው? ሐኪም የሚያገኘው ደመወዝ ነው? ገቢን መፈለግ በራሱ ሐራም አይደለም፤ ግን ለዚያ ከዚህ ያጠረ መንገድ አለ። ለሰው አፍ ብሎ ስምንትና አሥር ዓመት መልፋት ግን ወደ ሪያእ ይጠጋል።

ትክክለኛው ምክንያት የሚመስለን ይህ ነው፦ ልሠራው የምፈልገው ሥራ ሕመምተኛን በእጄ ማከምን የግድ ይጠይቃል፤ ያለ እርሱ የተማርኩት ዒልም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ለምሳሌ የማሕፀን ካንሰርን በላቦራቶሪ ያጠናች እህት፣ ሙስሊም እናቶች ሴት ሐኪም አጥተው ሕመማቸውን ደብቀው ሲቆዩ አይታ «እነዚህን ሴቶች እኔ ልመርምራቸው» ብትል ይህ ከባድ ምክንያት ነው።

ኒያውን የሚፈትን ተግባርም አለ። ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ለወራት ያህል ሐኪም ተከትሎ መዋል፣ በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ማገልገል፣ አዛውንቶችንና ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን መንከባከብ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ይህንን ይጠይቃሉ። ላቦራቶሪን የወደደ ሰው ሁሉ የሰው ሕመም፣ ለቅሶና ቁጣ ያለበትን ክፍል አይወድም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ጊዜው

አሁን ሒሳቡን እናስላ። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት 4 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና እንደ ሙያው ዘርፍ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ከዚህ በፊት ደግሞ ኤምካት ለሚባለው የመግቢያ ፈተና መዘጋጀት አለ፤ ማመልከቻውም አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። በ30 ዓመቷ ትምህርቱን የጀመረች እህት በ34 ትመረቃለች፤ የቤተሰብ ሕክምና ብትመርጥ በ37፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ብትመርጥ በ41 ዓመቷ ሥልጠናዋን ትጨርሳለች።

«ፒኤችዲ ስላለኝ ያሳጥሩልኛል» ብሎ ማሰብ ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1971 የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ ያላቸውን ሰዎች በሁለት ዓመት ሐኪም የሚያደርግ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ቀርቷል። ዛሬ የሚያሳጥሩ ትምህርት ቤቶች በጣም ጥቂት ናቸው። በመንግሥት ድጋፍ ከ1964 ጀምሮ የሚሰጠው ሁለቱን ዲግሪ በአንድ ላይ የሚያስጨርሰው መርሐ ግብርም በመሠረቱ የታሰበው ሁለቱንም ገና ላልጀመሩ ወጣቶች ነው። ፒኤችዲ በኮሌጅ የተመዘገበን ዝቅተኛ ውጤትም አይሰርዝም፤ ትምህርት ቤቶቹ ያንንም ያያሉ።

በሬዚደንሲ ዘመን ሥራው በሳምንት እስከ 80 ሰዓት ይደርሳል። ይህ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003 የተደነገገ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት ይብስ ነበር። ባለትዳር የሆነ ወንድም ይህን ለባለቤቱ አስቀድሞ በግልጽ ይንገራት። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ዒባዳ አብዝቶ ቤተሰቡን ለዘነጋው ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ለነፍሱም ለቤተሰቡም ሐቅ እንዳለባቸው ሲመክሩት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክሩን አጽድቀውታል። ሌሊት በሶላት መቆም የቤተሰብን ሐቅ ካላነሳ ትምህርትም አያነሳውም። ያላገባችው እህትም «ከትምህርቱ በኋላ» እያለች ትዳርን አሥር ዓመት እንድታዘገይ የሚያስገድዳት የለም። በትምህርት ላይ ሆነው ያገቡ፣ የወለዱም ብዙ ናቸው፤ የሚያስፈልገው ነገሩን ከመነሻው የሚያውቅና የተስማማ ባል ነው።

ዋጋውና የሪባ ጉዳይ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ተማሪ የሕክምና ትምህርት ክፍያውን በወለድ ብድር ይሸፍናል። ወለድ ደግሞ ሐራም መሆኑ የታወቀ ነው። አንዳንድ ሰዎች «ዶሩራ ነው» ይላሉ። ዶሩራ ማለት ግን ሌላ መውጫ የጠፋበት እውነተኛ ችግር ነው። ፒኤችዲ ያለው፣ ሐላል ሥራ ሊይዝ የሚችል ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ዶሩራ ነው ብሎ መከራከር እንደሚከብደው በግልጽ እንናገራለን። ልዩ ሁኔታ ያለው ሰው ራሱ ፈትዋ ሰጥቶ ራሱ አይፈጽም፤ ሁኔታውን ለሚያምነው ዓሊም በዝርዝር ያቅርብ።

የዱንያ ሒሳቡም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ የሕክምና ተማሪዎች የፌዴራል ብድሩ በዓመት 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎለታል። ቀሪውን ከግል ባንክ መበደር ማለት ሸክሙን ማክበድ ነው።

ነገር ግን ያለ ወለድ የሚገቡባቸው በሮች አሉ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ2018 ጀምሮ፣ እዚያው ኒውዮርክ የሚገኘው የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ደግሞ አንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ካገኘበት ከ2024 ጀምሮ የትምህርት ክፍያን ለተማሪዎቻቸው አንስተዋል። ጆንስ ሆፕኪንስም በ2024 የቤተሰባቸው ገቢ ከ300,000 ዶላር በታች ለሆነ ተማሪዎች ክፍያውን ነፃ አድርጓል። ወደ እነዚህ መግባት ከባድ ነው፤ ሆኖም ጠንካራ የምርምር ሥራ ያለው ሰው ከመሞከር አይቦዝን። ሌላው መንገድ ለተወሰኑ ዓመታት በፒኤችዲው ሠርቶ ማጠራቀም ነው። ዘመድ ያለ ወለድ ተባብሮ ማበደርም ሱናችን ነው። ዕዳው ግን በጽሑፍ ይያዝ፤ ወደ አገር ቤት ለእናትና ለአባት የሚላከውም ገንዘብ በዚህ ምክንያት እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ይታሰብ።

መካከለኛ መንገዶች

ለብዙዎች ደግሞ ከሁለቱ መካከል ያለ መንገድ ይበቃል። በአሜሪካ ፒኤችዲ ያለው ሰው ሁለት ዓመት ያህል ተጨማሪ ሥልጠናና የብቃት ፈተና ወስዶ የሆስፒታል ላቦራቶሪን በኃላፊነት መምራት ይችላል፤ የሕሙማን ደምና ናሙና የሚመረመረው እዚያ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች የዘረመል ምክር መስጠትም በሁለት ዓመት ገደማ የማስተርስ ትምህርት የሚያዝ ሙያ ነው፤ እዚያ ሕመምተኛውን ፊት ለፊት ያገኙታል። ከሐኪም ጋር ተጣምሮ መመራመርም አለ። ወደ አገር ቤት መመለስ ለሚያስቡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 በሥጋ ደዌ ምርምር የተጀመረው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የመሳሰሉት በእንዲህ ያለ ዒልም የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው።

ለቤተሰብ የምንመክረው

ወላጆች ሆይ! «በቃ ተማርሽ፣ ይበቃል» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ምክንያቷን አድምጡ። «ሐኪም ካልሆንሽ አንቀበልሽም» ብላችሁም አትግፏት። የምትከፍለው በራሷ ዕድሜ ነውና።

ልጆች ሆይ! ውሳኔውን ጨርሳችሁ ለወላጅ ማስታወቅ ሹራ አይደለም። የጊዜውን፣ የገንዘቡንና የቤተሰቡን ሐቅ ሒሳብ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። በዚያ መንገድ ያለፉ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዎችን ጠይቁ። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ኢስቲኻራ አድርጉ። ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም፤ ከምክክርና ከጥናት በኋላ ነገሩን ለአላህ አስረክቦ መራመድ ነው።

ምክንያቱ ሕመምተኛው ከሆነ፣ መንገዱ ከሪባ የጸዳ ከሆነ፣ የቤተሰብ ሐቅም ካልተረገጠ በሠላሳም በሠላሳ አምስትም ዓመት መጀመር አያሳፍርም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ደግሞ አላህ የሰጣችሁ የመጀመሪያው ዒልም ትንሽ አይደለም፤ ለኡማውና ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቅም ሥራ በእርሱም ይሠራል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዒልም፣ ሐላል ሪዝቅና ተቀባይነት ያለው ሥራ ይወፍቃቸው፤ ሕሙማኖቻችንንም ያሽርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።